ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ የለበሰው ጋቢ

ያ ሰውዬ በቴሌቪዥን ብቅ ሲል እስካሁን ደሜ ይፈላል። ድንበሩን ተሻግሮ፣ እህቴ በምትኖርበት የአሜሪካ ስቴት፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነበር። እዚያ ይሄ ሥልጣን በምርጫ ነው የሚገኘው። ተመራጩ ወንበሩ ሳይሞቅ ዓይኑን የስቴቱ ገዥ ወንበር ላይ ይጥላል። እዚያ ለመድረስ ደግሞ ካሜራ ፊት የሚከሰው ሰው ያስፈልገዋል፤ ያውም ስሙ ለአፉ የሚከብደው፣ ተቆጪ ዘመድ የሌለው የሚመስል ሰው።

እህቴ አቅመ ደካሞችን በየቤታቸው የሚንከባከብ ትንሽ ድርጅት ነበራት። አንድ ጠዋት፣ ከድንበሩ ወዲህ ዌስተን በሚባለው ሰፈር ያለው አፓርትመንቴ ውስጥ ለሥራ ልወጣ ጫማዬን ሳጠልቅ፣ ኮል አደረገችልኝ። «ላፕቶፕሽን ክፈቺ» አለችኝ። ከፈትኩ። ሰውዬው ቆሞ መግለጫ ይሰጣል፤ ከኋላው የእህቴ ፎቶ እሱን አክሎ ተሰቅሏል። ላልሠራችው ሥራ መንግሥትን አስከፍላለች ይላል። ገና ፍርድ ቤት እንኳ አልቀረበችም እኮ። ከዚያን ቀን ወዲያ ደንበኞቿ ስልኳን አላነሡም፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ አጠገቧ የሚቆም ጠፋ።

እኛ ሕንፃ ላይ ጋሼ የምንላቸው አዛውንት አሉ። ድሮ በስደት መጥተው፣ የሰፈሩን የተጣላ ባልና ሚስት ሁሉ ሲያስታርቁ የኖሩ ናቸው። ጉዳዩን ስነግራቸው ብዙም አላሰቡ።

«ከሳሿ ይታወቃል አይደል? ሽማግሌ መላክ ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ እዚያ እንደሱ አይሠራም። ጠበቃ ይዛለች።»

«ጠበቃ ይከራከራል እንጂ አይለምንም። ሰው አይደለም እንዴ ሰውዬው?»

ምን ልበላቸው? ሁለት እኩዮቻቸውን ይዘው፣ ክራቫት አስረው፣ እኔ እየነዳሁ ድንበር ተሻገርን። ሰውዬው ለገዥነት ካምፔይን ከሚያደርግበት አዳራሽ ገብተን ተሰለፍን። ጋሼ ባዶ እጄን አልቀርብም ብለው፣ ከአገር ቤት የተላከላቸውን አዲስ ጋቢ ይዘዋል። ተራቸው ሲደርስ ትከሻው ላይ ጣል አደረጉለትና ጎንበስ አሉ። «ያቺ ልጅ ሌባ አይደለችም። ጉዳይዋን እርስዎ ራስዎ ይዩልን» አሉ፣ ልጃቸው የሚሆነውን ሰው። ተረጎምኩ። እሱ ፈገግ እንዳለ ትከሻቸውን ይዞ ወደ ካሜራው አዞራቸው። ፎቶው እንደተነሳ አመሰግናለሁ ብሎ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ።

መኪና ውስጥ ጋሼ ደስ ብሏቸው «ለብሶታል እኮ» ይሉኛል። እሳቸው በሚያውቁት ወግ፣ ሽማግሌ ያለበሰውን የተቀበለ ሰው ልመናውን ሰምቷል።

ብዙም ሳይቆይ የምርጫ ማስታወቂያው ወጣ። ሰውዬው ጋቢ ለብሷል፤ ጋሼ አጠገቡ ጎንበስ ብለዋል፤ ከፎቶው ሥር «መጤዎችም ከእኔ ጋር ናቸው» የሚል ጽሑፍ። እህቴም አየችው። ደውላ «እናንተም?» አለችኝ።

አሸነፈ። ገዥ ሆኖ ከተቀመጠ በኋላ ማስረጃ የለም ተብሎ ክሱ ተነሣ። ይሄንን ማን ነገራት? ጠበቃዋ፣ በስልክ። ካሜራ የለ፣ መግለጫ የለ። ሲያዋርዷት ዓለም ሰምቶ፣ ነፃ ስትወጣ እሷ ብቻ ትስማ? ድርጅቷ ተዘግቶ፣ ዛሬ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች።

ጋሼ ይሄን ሲሰሙ ከዘራቸውን ይዘው ብድግ አሉ። «የገዥውን ኦፊስ ደውዪልኝ። ያለበስኩት ለልመና ነው፣ ስጦታ አይደለም። ጋቢዬን ይመልስ በይልኝ።» ደወልኩ። ጸሐፊዋ በትሕትና ሰማችኝና፣ ለገዥው የሚሰጡ ስጦታዎች ዕቃ ቤት እንደሚቀመጡ ነገረችኝ። ጋሼ በዚህ አልተመለሱም፤ ደጋግመው አስደወሉኝ።

በመጨረሻ ወሬው እህቴ ጆሮ ደረሰ። ጋሼን አገናኚኝ ስትለኝ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ፊታቸው አስቀመጥኩት።

«ጋሼ፣ ጋቢውን ይተዉት» አለቻቸው። «ከደወሉ አይቀር፣ ስሜን ይመልስ ይበሉልኝ።»