ከላይ የተጀመረው ቦይ

ደብረ ማርቆስ ለሥልጠና የተላክሁት «ከልማት ቡድኑ መሪዎች መካከል ሴት ትኑር» ስለተባለ ነው። ሌሎቹ ሴቶች ቤታችንን ጥለን አንሄድም አሉ። የእኔ ባል ሞቷል፣ ልጆቼ ተድረዋል፣ ማንበብም በመሠረተ ትምህርት ለምጃለሁ፤ ሄድሁ። በአዳራሹ ስለ እርከን፣ ስለ ቦረቦር፣ ሰው አስተባብሮ ስለ መምራት ብዙ ተነገረን። እኔ አንዱን አጥብቄ ያዝሁ፦ የውሃ ቦይ፣ መውጫው አስቀድሞ እንዲከፈት፣ ከታች ከወንዙ ተጀምሮ ወደ ላይ ይቆፈራል።

የእኛ አገር ገበሬ በክረምት ማሳው ውሃ እንዳይቋጥር በበሬ ፈሰስ ያወጣል። የላይኛው ፈሰስ የታችኛው ሰው ላይ ይወርዳል። የሁሉም ማረፊያ ባል የሞተባት ጎረቤቴ ማሳ ነበር፤ ከዚያ ሌላ መሬት የላትም። ቦረቦሩ በየዓመቱ ይቆርሰዋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሰበሰብሁና ሁሉም ከማሳው ዳር ትንሽ ይስጥ፣ አንድ የጋራ ቦይ ውሃውን ወንዝ ያግባው አልሁ።

«ዕርፍ ይዘሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ አንዱ።

«አልያዝሁም። አንተም አረም ነቅለህ አታውቅም፤ ሚስትህ ስታርም ጥላ ሥር ነህ።»

ሳቁበት። ከዚያ ተስማሙ፤ ማሳው ከጎረቤቴ ማሳ ጎን፣ ከወንዙ ዳር ያለው ታናሽ ወንድሜም እሺ አለ።

በመቆፈሪያው ቀን «ከወንዙ እንጀምር» ስል፣ የመንደሩ ታላቅ ሽማግሌ ዶማቸውን መሬት ጣሉ። የእሳቸው ማሳ ከሁሉም በላይ ነው።

«እኔ ቆሜ ከልጅ መሬት ይጀመራል?»

በእኛ ዘንድ ታላቅ ሳይቆርስ ታናሽ አይቆርስም፤ ሥራም እንደ ማዕድ ነው።

«አባቴ፣ ውሃ ዕድሜ አይጠይቅም» አልኋቸው።

«ውሃው አይጠይቅ። አንቺ ግን ጠይቂ።»

ቄሱም ለእሳቸው ወገኑ። ከላይ ተጀመረ።

ግንቦት ላይ ቦዩ ወንድሜ ድንበር ሲደርስ፣ ጋቢውን ተከናንቦ መጣና ቦዩ በሚያልፍበት ላይ ተቀመጠ።

«እታለም፣ ይህ የአባታችን መሬት ነው። አላስቆርስም።»

«እሺ ብለህ አልነበር? የአባታችን ስለሆነ ነው የማፍረው። ተነሥ!»

«አንሺኝ።»

ርስቱ ላይ የተቀመጠን ሰው ማንሣት ደም ያመጣል ብለው ወንዶቹ ዶማቸውን ተሸከሙ። ሽማግሌዎች «ለዘንድሮ ይለፍ» ብለው ለመኑኝ።

«ጎረቤቴስ ዘንድሮ ምን ትብላ?»

እንግዲያው ከላይ የቆፈራችሁትን ድፈኑት አልሁ። ማሳቸው ጠፈፍ ሊልላቸው ነው፤ ማን ይድፈን? ብቻዬን የደፈንሁትን የመጀመሪያው ዝናብ ጠረገው።

ነሐሴ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ጣለ። ቀድሞ ተበታትኖ ይወርድ የነበረው ውሃ ሁሉ በቦዩ ተሰብስቦ መጣ፣ ወንድሜ ድንበር ላይ መውጫ አጣ፣ ወደ እሷ ማሳ ዞረ። እሷና እኔ አብረን ቆመን አየነው። የጤፉ ቡቃያ አፈሩን እንደያዘ ሄደ። አላለቀሰችም። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤቷ ገባች።

ከመስቀል በኋላ የተረፈውን መሬት፣ ምርቱን ከአራሹ ጋር ልትካፈል፣ ለእኩል ሰጥታ ደብረ ማርቆስ ልብስ አጣቢ ሆነች። ሌላ ሰው አልፈልግም ስላለ መሬቱን የያዘው ወንድሜ ነው። በበጋው ሰው ጠርቶ በገዛ ማሳው በኩል ቦዩን ከወንዙ ጀምሮ አስቆፈረ። ያኔ ሁሉም መጣ። ማንም ስለ ታላቅና ታናሽ አላነሣም።

በሚቀጥለው ምርጫ በእኔ ቦታ መሪ አደረጉት። ከከተማ እንግዶች መጥተው ቦዩን ሲያደንቁ፣ «የመሬቱ ባለቤት የት እንዳለች ጠይቁት» አልኋቸው። ወደ መኪናቸው ቸኮሉ።

ደብረ ማርቆስ ገበያ በወጣሁ ቀን እሷን ፈልጌ አገኘኋት። ሳፋ ላይ አጎንብሳለች።

«ቦዩ ወንዝ ገብቷል፤ ነይ ተመለሺ» አልኋት።

«ማን አስገባው?»

«ወንድሜ።»

አንሶላውን ከውሃው አወጣች።

«እትዬ፣ ለእኔ እንቢ ብሎ ለእኩል ድርሻው ከቆፈረ ሰው ጋር ድንበር አልጋራም።»

የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ያዝሁና አብረን ጨመቅን።