ግራና ቀኝ መደርደሪያ

የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሁሉም እመት ፋይል ይላታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በመዝገብ ቤቱ አቧራ ውስጥ ኖራለች። የተደበደቡ ሴቶች ፋይል በግራ መደርደሪያ፣ የተደበደቡ ሕፃናት በቀኝ፤ ሁሉም በተበዳይ ስም። ደብዳቢው ፋይል የለውም። ሚስት በራሷ አባት፣ ልጅም በራሷ አባት ስም ስለሚመዘገቡ እናትና ልጅ እዚያ ክፍል ውስጥ ባዳ ናቸው። ይሄን ያሰበ ጭንቅላት አፈር ይብላ!

ባለፈው ወር አንዲት አጥኚ መጣች። ሚስት በምትደበደብበት ቤት ልጅም ይደበደብ እንደሆነ ማወቅ ፈልጋለች።

"እትዬ፣ በስም ሳይሆን በቤት ቁጥር ያስተያዩልኝ" አለቻት።

እመት ፋይል በሆዷ "ሥራ ፈት!" እያለች ጀመረች። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። በሦስተኛው ቀን አንድ የቤት ቁጥር ከሁለቱም መደርደሪያ ወጣ። ከግራው፣ ባሏ መንጋጋዋን ሰብሯት ሕይወቷን ለማትረፍ የሸሸች ሴት። ከቀኙ፣ ክንዷ ተሰብሮ የሕፃናት ማቆያ የገባች የስምንት ዓመት ልጅ፦ "ከደረጃ ወድቃ ነው። እናቷ ጥላት ጠፍታለች። አባት ጨዋ ሰው ስለሆነ ትመለስለት።" የሁለቱም ጉዳት ቀን አንድ ነው። ልጅቷ ለአባቷ የምትሰጥበት ርክክብ ደግሞ ዛሬ።

ሁለቱን ፋይል ታቅፋ ወደ ሕፃናት ክፍል ሮጠች። ጨዋው አባት የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ ከረሜላ ይዞ ተቀምጧል። ልጅቷ ግድግዳ ተጠግታ ቆማለች።

የክፍሉ ኃላፊ የእናትየውን ፋይል ገለጥ አድርጎ መለሰላት። "ይሄማ የሴቶች ክፍል ጉዳይ ነው እትዬ። ሚስቱን መታ እንጂ ልጁን መታ አይልም።"

ይሄም ኃላፊ ተብሎ!

"ቀኑን ይዩታ!" ጮኸች። "በአንድ ቀን መንጋጋና ክንድ! ጠፋች የምትሏት እናት እኮ ከዚህ ግድግዳ ማዶ፣ ባሌ ሊገድለኝ ነው ብላ ፈርማለች! ልጄን አስጥሉኝ ብላለች!"

ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አባትየው "የቤቴን ገመና!" ብሎ ተነሣ። ያኔ ልጅቷ አፏን ከፈተች።

"እማዬ አልሞተችም?"

ሞታለች ያላት አባቷ ነው። ዐይን አውጣ!

ርክክቡ ቀረ። አጥኚዋ "አንድ ልጅ አተረፉ እኮ" ስትላት ግን እመት ፋይል ቀጣዩን ፋይል ሳበች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሁለቱም መደርደሪያ የወጣ ሌላ መቶ አሥራ አንድ ቤት አገኙ። አብዛኞቹ የልጆች ፋይሎች ላይ "ለአባት ተመልሷል፤ ተዘግቷል" ይላል። እነዚያን እናቶችና ልጆች ግራና ቀኝ ለያይታ የደረደረቻቸው እሷ ናት።