ቅጠል የተሳለበት ብልቃጥ

ስለዚያ ብልቃጥ ሌሎች ብዙ አውርተዋል። አሁን ተራው የእኔ ነው።

የባለቤቴን አስከሬን ወደ አገር ከሸኘሁ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሐርጌሳ ላይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ሬሳ አጥቦ፣ ገንዞ፣ መኪና ፈልጎ ድንበር የሚያሻግረው ማኅበራችን ነው። ማኅበር የሌለው ሰው እዚህ ሲሞት ምን እንደሚሆን አይቻለሁ፤ አልጽፈውም።

ምግብ የማበስልላት የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ምድጃ አጠገብ ቆሜ ሳንጎላጅ አየችኝና ከውጭ ያመጣችውን ጠብታ ሰጠችኝ። ከሄምፕ ተክል የተጨመቀ ዘይት ነው፤ ሲቢዲ ይሉታል። ተክሉ የሐሺሽ ዘመድ ቢሆንም ይህኛው አያሰክርም አለችኝ። ሦስት ጠብታ ከምላስ ሥር። ሣር ሣር ይላል። እንቅልፌ ከእሱ ይምጣ ከድካሜ አላውቅም፤ ትከሻዬ ግን ረገብ ይል ነበር።

ማሕሙድ ሃይቤ በሚባለው ሰፈር ቤት አብራኝ የተከራየችው ሴት ብልቃጡን አየችው። ጽሑፉን ማንበብ አትችልም፤ የተሳለውን ቅጠል ግን ለየችው። እንዲያም ሆኖ ጉልበቷን ሲያማት "እስቲ ለእኔም ጠብ አድርጊልኝ" ብላ ሁለት ቀን ወስዳለች። ለማኅበሩ ሴቶች ይህን አልነገረችም። የነገረቻቸው "እትዬ ሐሺሽ ጀምራለች" ብላ ነው።

በወሩ ዝክር ተሰበሰብን። መጠጥ በተከለከለበት አገር ጽዋችን የማር ብርዝ ነው። የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ግን ብርዙም አይቀመስም። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴያችን፣ እንደ ልማዳቸው ቆመው "ቂም የያዘ አለ?" አሉ።

"አለ" አለች አብራኝ የተከራየችው። "እኔ ከሐሺሽ ወሳጅ ጋር አንድ ጽዋ አልነካም።"

"እኛንስ ምነው ደበቁን፣ እትዬ?" አለ አንዱ ሹፌር። "ስንቱን ሌሊት ስገላበጥ የማድረው!" ሰው ሳቀ።

"እህቴ፣ እውነት ነው?" አሉ ሙሴው።

"መድኃኒት ነው፣ አባባ።"

"ሐኪም አዘዘልሽ?"

"አላዘዘልኝም።"

"እንግዲያስ ጣይው። አሁን ይቅር ተባባሉ፤ እምቢ ያለ ከማኅበሩ ይውጣ።"

ስለ ጉልበቷ ልናገር አፌን ከፈትኩ። እሷም አየችኝ፤ ፊቷ ነጣ። ብናገር ጠቡ ይከር ነበር፤ ጽዋውም ሳይነሳ ይቀር ነበር፤ የምወጣውም እኔ እሆን ነበር። ተነስቼ ትከሻዋን ሳምኩ።

"ይቅር ለእግዚአብሔር።"

"ለእግዚአብሔር" አለች፤ ወዲያው ጆሮዬ ሥር "የጉልበቴን ነገር አደራ፣ እትዬ።"

ዘይቱን በማግስቱ ደፋሁት። እንቅልፌም ተመልሶ ሄደ። ይቅር አላልኳትም፤ አፌ ነው ያለው። ሴትን የምትገንዘው ሴት ናት፤ ከማኅበራችን ሴቶች ደግሞ ይህን ሥራ አሳምራ የምታውቀው እሷ ናት። የምሞትበት ቀን ሲመጣ እጆቼን አጥባ፣ ደረቴ ላይ አጣጥፋ የምታስራቸው እሷ ናት።