ስንደዶና ማዳመጫ

ፍኖተ ሰላም የማስተምርበት ትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች ላይ፣ በብራውዘር የተከፈተን ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ተጫነ። አላመንኩትም። ማንበብ የሚቸግራት፣ ከቡሬ ገጠር የመጣች ተማሪዬ ማዳመጫ ሰክታ ባየኋት ቁጥር «ይቺ ትሰማለች እንጂ መቼ ታነባለች!» እል ነበር።

አንድ ቀን ንዴቴ መጣና፣ እኔ ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠርኩበትን ዓይነት ስንደዶ ሰጠኋት። «የምትሰሚውን እያንዳንዱን ቃል ስክሪኑ ላይ ጠቁሚ» አልኳት። መጠቆም ስትጀምር ማዳመጫውን ከጆሮዋ ነቀልኩት። ስንደዶው አልቆመም፤ ድምፅዋን አውጥታ ማንበቧን ቀጠለች።

በቃሏ ይዛው ይሆናል ብዬ ሌላ ገጽ ከፈትኩባት። እሱንም ቀስ እያለች፣ ቃል በቃል እየጠቆመች ጨረሰችው።

ከዚያ ስንደዶውን ሳታስቀምጥ ቀና ብላ አየችኝ።

«ቲቸር፣ ደግሞ የቱን ላንብብልዎት?»