ሁለት በር ያለው ሱቅ

«መጀመሪያ እኔ ያልኩትን በል። ከዚያ ትቃወመኛለህ።»

«ያልሽውንማ ሁሉም ሰምቷል።»

«አንተ መስማትህን በምን አውቃለሁ?»

ክፍሉ ሳቀ። ቲቸር አልሳቁም፤ ከእኛው መሐል ዴስክ ላይ ተቀምጠው ጠመኔ በጣቶቻቸው ያሽከረክሩ ነበር። በመስኮቱ ከታች ካለው ፋብሪካ የቀለም ሽታ ይገባል። ዛሬም አዲስ የተቀባ ቤት ስገባ ቀድሞ የሚመጣብኝ የዚያች ልጅ ድምፅ ነው፤ ቀለሙ እስኪደርቅም አይለቀኝም።

ጎፋ ነበርን፣ በደርግ ጊዜ፣ ስምንተኛ ክፍል። ያኔ ውይይት የማይጠራበት ሳምንት አልነበረም፤ አንዱ ከወረቀት ያነባል፣ ሌላው ያጨበጭባል፣ ይበተናል። የኅብረተሰብ ትምህርት አስተማሪያችን የቲቸር ውይይት ግን ሌላ ነበር። ዴስኮቹን ከግድግዳ አስጠግተው ክብ ያስቀምጡናል፤ ጥያቄ ይጽፋሉ፣ መልሱን አይነግሩንም። ሕጋቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ሰው ከመቃወምህ በፊት ያለውን ራስህ ትደግመዋለህ፣ እሱም «አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት» ማለት አለበት።

የዚያን ቀን ሰሌዳው ላይ የነበረው «የቀበሌ ሱቅ ማንን ይጠቅማል?» የሚል ነው። ልጅቷ የተናገረችው ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ «ሱቁ ሁለት በር አለው። እኛ የምንሰለፈው በተዘጋው በኩል ነው።» ሊቃወማት የተነሳው ደግሞ የቀበሌው ሊቀመንበር ልጅ።

«እሺ» አለ፣ ጆሮው እየቀላ። «ሱቁ ሁለት በር አለው አለች። እነሱ በተዘጋው ነው የሚሰለፉት አለች።»

«አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት።»

ያን ጊዜ የሳቀ የለም። ሱቁን የሚያዘው አባቱ መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ልጁ ሳይቃወማት ተቀመጠ።

እኔ ጸሐፊ ነበርኩ። ስብሰባ የተባለ ሁሉ ቃለ ጉባኤ ይያዝለታል፤ የኛም ደብተር ዓርብ ዓርብ ዳይሬክተሩ ቢሮ ይገባል። ቲቸር የመረጡኝ ለእጅ ጽሕፈቴ ነው። «ሐሳቡን ብቻ» ይሉኝ ነበር ሁልጊዜ፣ «ስም አትጻፍ።» ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

ጓደኛ አልነበረኝም። ከደብተሬ ጀርባ ግጥም እጽፋለሁ፤ ያስተማረኝ የለም፣ የሚያነብልኝም የለም። ስሰርዝና ስደልዝ ወራት ያለፉብኝን ዓይነት ነገር ይህች ልጅ እጇን አውጥታ እንደ ዋዛ ተናገረችው። ያለ ስም ብጽፈው የሰረቅኩ መሰለኝ። በጥሩው ብዕሬ፣ ቃል ሳልለውጥ ጻፍኩት። ከሥሩም ስሟን፣ እስከ አያቷ።

የሊቀመንበሩ ልጅ ለአባቱ ትንፍሽ አላለም፤ ይህን ያወቅኩት ብዙ ቆይቼ ነው። የተናገረው የእኔ ደብተር ነው።

ሰኞ ዳይሬክተሩ ደብተሩን ይዘው ገቡ። ክብ እንደተቀመጥን ነበር። ልጅቷን አስነሷትና ዐረፍተ ነገሩን ጮክ ብለው አነበቡላት።

«ይሄ ያንቺ ነው?»

ደብተሩን አየችው። እናቷ ስኳርና ዘይት የምታወጣበት ካርድ ከዚያው ቀበሌ ነው፤ ካርዱ ከተነጠቀ ሌላ መውጫ አልነበራቸውም።

ቲቸር ተነሱ። «የኔ ነው። ለመወያያ እንዲሆን ጽፌ አንብቢ ብዬ የሰጠኋት እኔ ነኝ።»

ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ዞሩ። «ጸሐፊው አንተ ነህ። እውነት ነው?»

በሕይወቴ ሰው ሁሉ ቃሌን የጠበቀው ያን ቀን ብቻ ነው። እሷ አየችኝ። ቲቸርም አዩኝ፤ በዓይናቸው ምንም አላዘዙኝም። ከታች የፋብሪካው የፈረቃ ጡሩንባ ጮኸ፤ እስኪያበቃ ጠበቅኩ።

«አዎ» አልኩ። «ቲቸር ናቸው የሰጧት።»

«የራሴ ነው» አለች ልጅቷ። ከአጠገቤ ስለነበረች የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ካርዱ አልተነጠቀም። እሷ ግን እስከ ሚኒስትሪ ፈተና ድረስ አንድም ቀን አላናገረችኝ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ትምህርት ቤት ገባች። ስለ ቲቸር አንዱ ወደ ክፍለ ሀገር ተዛወሩ ይላል፣ ሌላው ሌላ። እኔም ከዚያ ወዲህ ብዙ ጽፌያለሁ፤ ያንን የሚያህል ሁለት ዐረፍተ ነገር እስካሁን አልወጣልኝም።

ያን ሰኞ ግን «ቢሮ እንነጋገር» አሏቸው ዳይሬክተሩ ቲቸርን።

ቲቸር ጠመኔውን ከፊቴ፣ ደብተሬ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ አኖሩት። ኮታቸውን ከመስኮቱ ሚስማር አነሱ። ስለ ስም የነገሩኝን ያስታውሱኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ፤ እሳቸው ግን ለሁላችንም፣ እንደ ማንኛውም ቀን፣ «ስትወጡ ዴስኮቹን ወደ ቦታቸው መልሱ» አሉ። ወጡ። ዳይሬክተሩ ተከተሏቸውና በሩን ከውጭ ሳቡት።