ሞተሩ ሲጠፋ የተሰማው ስም

መኪና ውስጥ ሬዲዮ ከፍታችሁ፣ ሹፌሩ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር ወሬው በ«ዝዝዝ» ተውጦባችሁ ያውቃል? እኔ ያንን ድምፅ ስሰማ በርበሬ ይሸተኛል።

ልጅ እያለሁ አባቴ ካሴ አሮጌ የቤንዚን ፒክአፕ ነበረው። በገበያ ቀን ከቡሬ በርበሬ ጭኖ፣ ከጆንያው ላይ ገበያተኛ አሳፍሮ ወደ ፍኖተ ሰላም ይመለሳል። ባትሪው ስለደከመ ሞተሩን ቁልቁለት ላይ ካልሆነ አያጠፋም፤ ሽንት የያዘው ሰው እንኳ ቁልቁለት ይጠብቃል።

አንድ ቀን ታላቅ እህቴ ሙሉነሽ በእኔና በአባባ መካከል ተቀምጣለች። ለመምህርነት ሥልጠና ያለፉት ስም በሬዲዮ ይነበባል ተብሏል። ባለፈው ዓመት ስሟ አልወጣም፤ ዘንድሮም ካልወጣ ሌላ ዕድል እንደሌላት ታውቃለች። ጣቶቿ የነጠላዋን ጫፍ ይገምዳሉ።

ማንኩሳን እንዳለፍን ሜዳው መሃል ንባቡ ተጀመረ። «ሀብታሙ... ዝዝዝ... ሂሩት...» ስሞቹ በፊደል ተራ ስለነበሩ «መ» ስንት እንደቀረው በጣቴ እቆጥራለሁ። አባባ አንቴናውን እንድይዝ አዘዘኝ። እጄን በመስኮት አውጥቼ ያዝሁት፤ ምንም ለውጥ የለም።

«ሰውየው ጉንፋን ይዞታል መሰል!» አለ ከኋላ አንዱ።

ጥፋቱ የአንቴናውም የሰውየውም አልነበረም። ዛሬ ለተማሪዎቼ እንደማስረዳው፣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ በፈነጠቀ ቁጥር እንደ ትንሽ ጣቢያ የራሱን ሞገድ ይረጫል። የኤኤም ሬዲዮ ድምፁን የሚያገኘው ከሞገዱ ከፍታና ዝቅታ ስለሆነ፣ የካንዴላውን ፍንጣቂ ከሰውየው ቃል መለየት ይቸግረዋል። ያን ጊዜ እኛ የምናውቀው ሞተሩ ረገብ ሲል ጩኸቱም ረገብ እንደሚል ብቻ ነው።

«ለምለም... ዝዝዝ...»

«አባባ፣ አጥፋው በሞቴ» አለች ሙሉነሽ።

«ሜዳ ላይ? ከዚያ ማን ያስነሳታል?»

የኋላው መስኮት መስታወት አልነበረውም። በርበሬ ያስጫኑት እመይቴ ጥሩ በዚያው ብቅ አሉ። «አጥፋው እንጂ አያ ካሴ! ለመግፋት ሰው አይጠፋም!»

አባባ ሞተሩን አጠፋው። ሬዲዮው ከባትሪው በቀጥታ የተሳበ የራሱ ሽቦ ስለነበረው በዚያው ደካማ ባትሪ ቀጠለ። የበርበሬው ብናኝ አፍንጫዬን ሲበላኝ፣ እንዳላስነጥስ አንቴናውን ለቅቄ በሁለት እጄ ጨመቅሁት። ዞር ስል፣ ከጆንያው ላይ ያለው ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዟል።

«መሠረት...። መኮንን...። ሙሉነሽ ካሴ።»

ማን ቀድሞ እንዳነጠሰ አላውቅም፤ እልልታውና ማስነጠሱ ተደባለቀ። ሙሉነሽ ነጠላዋን አሸርጣ ወረደችና ከእመይቴ ጥሩ ጎን ሆና መኪናዋን ገፋች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ «በርበሬው ነው» ትላለች እስከ ዛሬ።

አሁን እሷም እኔም መምህራን ነን። የመኪና ሬዲዮ ጠርቷል፤ ውጤትም በስልክ ይወጣል፤ ሰው ብቻውን ከፍቶ ብቻውን ያያል። ይሄም መልካም ነው። ግን አፍንጫውን ይዞ አብሮን የሚጠብቅ ሰው ይናፍቀኛል።

አሮጌ የቤንዚን መኪናና የኤኤም ሬዲዮ ካገኛችሁ እስቲ ሞክሩት። ራቅ ያለ ጣቢያ ፈልጉ፤ ነዳጅ ሰጥታችሁ ጩኸቱን ስሙ፤ ከዚያ ሞተሩን አጥፉና አብራችሁ አድምጡ። ባትሪው ደካማ ቢሆንም አትስጉ፤ ለመግፋት ሰው አይጠፋም።