ለስብሰባ የቀደሙ ውሾች

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ እከክ የያዘውን ቡችላዋን አቅፋ መጣችና «አያቴ፣ አንቺ የእንስሳት ሐኪም ነበርሽ አይደል?» አለችኝ። ድኝ በዘይት ለውሼ ቀባሁት። የቤቱ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ሲወጣ እኔ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። የወጣትነት ሽቶዬ ነዋ!

ዘመኑ የደርግ ነው። ትምህርቴን እንደጨረስኩ ሮቤ አጠገብ፣ ሲናና ሜዳ ላይ ወዳለ የመንግሥት እርሻ ተመደብኩ። ላምና በግ ላክም ነበር ሐሳቤ። ውሻ ደግሞ ከልጅነቴ አልወድም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ የተሰጡኝ የስንዴ መጋዘኑን የሚጠብቁ ስድስት ውሾች ሆኑ። ፀጉራቸው በእከክ ረግፎ፣ በዚያ የባሌ ክረምት ጭቃ ላይ ተኝተው ሲንቀጠቀጡ ሳይ ግን ድኝና ዘይት ፍለጋ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ቁርጡን ነገረኝ፤ «ስንዴው ታጭዶ እስኪገባ ካልዳኑ መርዝ ይሰጣቸዋል።»

ዘበኛው ኦቦ ከድር ረዱኝ። ሃይማኖታቸውን አጥባቂ ስለሆኑ ውሻ አይነኩም፤ ምራቁ ከነካቸው እንደ ደንባቸው ደጋግመው መታጠብ አለባቸው።

«እኔ አልነካውም እንጂ መጥገቡን እወዳለሁ፣ ኢንተላ ኮ» ይሉኝ ነበር፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «እሱም የአላህ ፍጡር ነው።»

እኔ ስቀባ፣ እሳቸው ከጭቃው ከፍ ያለ የእንጨት መኝታ ሠሩ፤ የገብስ ጭድ አነጠፉ፤ ከጎባ በሚመጣ አጥንት መረቅ የገብስ ገንፎ ያገነፉ ጀመር። እኔም አንዳንዴ ቀምሼዋለሁ፤ ከሠራተኛው ክበብ ምግብ ይሻል ነበር። ማታ ማታ ሠራተኛው ወደ ቤቱ ሲገባ ውሾቹን ሜዳ ላይ እንለቃቸዋለን። በገመድ ጎትቶ መመለስ ለኦቦ ከድር ስለማይሆን፣ በር ላይ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ በብረት ይመቱታል፤ ውሾቹም ለራታቸው እየበረሩ ይመጣሉ። ቀን ቀን ያው ቸርኬ የስብሰባ ደወል ነው። ይህን ልብ ያለው ማንም አልነበረም።

አጨዳው አልቆ ከጎባ አለቆች መጡ። ከስብሰባው በፊት ውሾቹን አይተው ሊወስኑ ነው። እኔ ታጥቤ፣ ለብሼ፣ ኮርቼ ቆሜአለሁ። ለካ በጠዋት የገባ የጭነት መኪና ሾፌር የውሾቹን አጥር በር ገጭቶ ከፍቶታል። ስንደርስ ቤታቸው ባዶ!

ሥራ አስኪያጁ ጮኸብኝ፤ «አልዳኑም ማለት ነው! ደብቀሻቸዋል!»

ያን ሁሉ ወራት የለፋሁባቸው ውሾች በሌሉበት ሊፈረድባቸው ነው። በዚህ መሀል የስብሰባው ሰዓት ደርሶ አንዱ ካድሬ ቸርኬውን መታ። ሠራተኛው እንደ ልማዱ እግሩን እየጎተተ ብቅ ብቅ አለ። ከወደ ገለባው ግን ስድስት ውሾች አቧራ እያስነሱ መጡ! ሰዉን ሁሉ ቀድመው፣ አዲስ የበቀለ ፀጉራቸው በፀሐይ እያብለጨለጨ፣ ሜዳው ላይ በተዘረጋው የስብሰባው ሊቀመንበር ጠረጴዛ ፊት ተደርድረው ቁጭ አሉ።

ከጎባ የመጡት ትልቁ አለቃ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋቸው። «በሰዓቱ የተገኙት እነዚህ ብቻ ናቸው» አሉ። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ሥራ አስኪያጁም ሳቁን መያዝ አቅቶት «በቃ፣ መርዙ ይቅር» አለ።

«ጌቶች» አሉ ኦቦ ከድር ከኋላ፣ «ራታቸውን አሁኑኑ ካልሰጠን ከእንግዲህ ደወላችንን አያምኑም።» ገንፎው መጣ። ቡናማዋ ውሻ ግን ገንፎውን ትታ ዘላ የኦቦ ከድርን እጅ ላሰች። እኔ ደነገጥኩ። እሳቸው እጃቸውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ከዚያ ሳቁ። «ውሃ መች ጠፋ! እታጠበዋለሁ» አሉና ራሷን ደባበሱላት።

ልጆቼ «በዚያ ዘመን ደስታ ነበር እንዴ?» ይሉኛል። ስንቱን አጥተንበታል፤ ስንቱንም ፈርተንበታል። በዚያ ዘመን የተቀመጥኩበት ስብሰባ ቁጥር የለውም፤ ምን እንደተባለ አንዱንም አላስታውስም። ያን ቀን ግን በሰው ሁሉ ፊት በደስታ አለቀስኩ፤ ለምን አለቀስሽ ብሎ የሚጠይቀኝም የሚጽፍብኝም አልነበረም፤ ሁሉም ሰው ውሾቹ ሲበሉ እያየ ነበር።